"ጫፉን ብቻ" ብዬ ገብቼ አራት ጣት ፀጉር ተቆርጬ ወጣሁ፤ ናቹራል (ኬሚካል ያልነካው) ፀጉር ያላችሁ ጫፋችሁን እንዴት ነው የምትይዙት?

ጎፈሬ_ከሆጤ · እሁድ፣ ከምሽቱ 2:15

ሰላም ለሁላችሁ። የደሴ ልጅ ነኝ፤ ሆጤ ነው የምኖረው። ይሄን የምጽፈው አልቅሼ ከወጣልኝ በኋላ ነው።

ፀጉሬ ከርዳዳ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት እስክደርስ ሪላክሰር የሚባለውን ፀጉር የሚዘረጋ ኬሚካል እቀባ ነበር። 2014 ዓ.ም ሊያልቅ ሲል ኬሚካል የነካውን በሙሉ አስቆርጬ ከዜሮ ጀመርኩ። ይኸው ሦስት ዓመት አለፈው። ሲደርቅ ተሰብስቦ ጆሮዬ ላይ ይቀራል፤ ይዤ ስስበው ግን ትከሻዬን ያልፍ ነበር። ይሄ ነገር የሚገባችሁ ባለ ናቹራሎች ናችሁ። ሰው "ፀጉርሽ አያድግም እንዴ?" ይልሻል፤ አንቺ ግን ስትታጠቢ ሳብ አድርገሽ የት እንደደረሰ ታውቂያለሽ።

ከክረምት ወዲህ ጫፉ አስቸገረኝ። ሚዶው ከላይ ደህና ይወርድና የመጨረሻዋ ሁለት ጣት ላይ ሲደርስ ይያዛል። ሹሩባ ስፈታ ጫፍና ጫፉ ተያይዞ አልላቀቅ ይላል። ትራሴ ላይ አጫጭር ቁርጥራጭ አገኛለሁ። ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት አንድ ሳሎን ገባሁ። "ጫፉን ብቻ፣ አንድ ጣት" አልኳት። እሺ አለች። አጠበችው፣ ፎን አደረገችው፣ ገና እርጥበቱ ሳይለቀው በፔስትራ ተኮሰችው። ሲንጫጫ ይሰማኛል። "ካልተተኮሰ ጫፉ አይታይም" አለችኝ። ከዚያ መቀሱን ይዛ ከኋላ ጀመረች። እኔ ስልኬ ላይ ነበርኩ። ቀና ስል ወለሉ ላይ ያለው ፀጉር የኔ አልመሰለኝም። አንስቼ ለካሁት። አራት ጣት።

"ተጎድቶ ስለነበር ነው" አለችኝ። ከፍዬ ወጣሁ። ዛሬ ሳጥበው ደግሞ የባሰው መጣ። ከግንባሬ በላይ ያለው አልጠቀለል አለ። ውሃ ነክቶት እንኳ እንደ ሰንበሌጥ ቀጥ ብሎ ቀረ።

እናቴ "ደግ አደረገች፤ ፀጉር ሲቆረጥ ያድጋል" ትላለች። ጓደኛዬ ደግሞ "ከእንግዲህ መቀስ እንዳታስነኪው" ትለኛለች። ማንን ልስማ? ሳይተኩስ የሚቆርጥ ሰው ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ታውቃላችሁ? ራሴ ብቆርጠውስ?

የጦሳ_ንፋስ · እሁድ፣ ከምሽቱ 2:40

አይዞሽ የኔ እህት። አንብቤ ሆዴን ባር ባር አለው። እኔም አንዴ እንዲህ ተደርጌ አራት ዓመት ሙሉ መቀስ አላስነካሁም። ፀጉር የሚያድገው ከሥሩ ነው፤ ጫፉን መቁረጥ ምን ያደርግልሻል? የጉሎ ዘይት ቀብተሽ፣ ጠቅልለሽ፣ ዝም ብለሽ ተይው። ጓደኛሽ ልክ ናት።

መቀስና_ሚዶ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:20

ኮምቦልቻ ፀጉር ቤት አለኝ። በሥራው 12 ዓመት ሆኖኛል። ደንበኛ ከመግባቱ በፊት ልጻፍልሽ ብዬ ነው፤ ትንሽ ይረዝማል።

መጀመሪያ የተደረገብሽ ነገር ልክ አይደለም። አንድ ጣት ብለሽ አራት ጣት መቆረጥ አልነበረበትም። ፀጉር ቆራጭ ጉዳት ካየች እጇን ታቆምና በመስታወቱ ታሳይሻለች፤ "እስከዚህ ደርሷል፣ ምን ላድርግ?" ትልሻለች። ፀጉሩ ያንቺ ነው። ከሱ የባሰው ግን መተኮሱ ነው። እርጥብ ፀጉር ላይ ፔስትራ ሲያርፍ ውስጡ ያለው ውሃ ይፈላል። ያ የሰማሽው መንጫጫት እሱ ነው። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ፀጉሩን ከውስጥ ይቦረቡረዋል፤ በኋላ ሲነካ እዚያው ላይ ቀጭ ይላል። ቀጥ ብሎ የቀረው ደግሞ የመጠቅለል ቅርጹን አጥቷል። እውነቱን ልንገርሽ፣ እሱ አይመለስም። አዲስ እየበቀለ እሱ ቀስ እያለ ይቆረጣል እንጂ የሚያስመልሰው ቅባት የለም።

አሁን ወደ እናትሽና ወደ ጓደኛሽ ልምጣ። ሁለቱም ግማሽ ግማሹን ይዘዋል። ፀጉር የሚያድገው ከራስ ቆዳ ውስጥ ነው፤ መቀስ ጫፉን ሲነካ ሥሩ አያውቅም። ስለዚህ መቁረጥ አያሳድግም። ፀጉር በወር 1 ሴንቲሜትር ገደማ ያድጋል፤ እንደኛ የተጠቀለለው ከዚያ ትንሽ ያንሳል። ግን ከላይ 1 ሴንቲሜትር በቅሎ ከታች 1 ሴንቲሜትር ከተሰበረስ? ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነሽ። ደንበኞቼ "ፀጉሬ ቆመ" ብለው ይመጣሉ። አልቆመም፤ ከታች እየተበላ ነው። ጫፍ የምንቆርጠው ያደገው እንዲቀመጥልን ነው።

እስቲ ይህን አስቢው። ትከሻሽን ያልፍ የነበረው ጫፍ ከራስሽ የወጣው በ2015 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ታጠበ? ስንት ጊዜ ተጎነጎነ፣ ተፈታ፣ ተበጠረ? ትራስ ላይ ስንት ሌሊት ታሸ? ከሥሩ ያለው ፀጉር የአምና ነው፤ ጫፉ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ እንደ ጎረምሳ አይጎተትም።

በዚያ ላይ የኛ ፀጉር አፈጣጠሩ አለ። ሉጫ ፀጉር ላይ ከራስ ቆዳ የሚወጣው ወዝ ቀጥ ብሎ እስከ ጫፍ ይወርዳል። የኛ ላይ ወዙ የደሴ-ኮምቦልቻን ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ሐረጎን፣ እንደሚወርድ የጭነት መኪና ነው፤ በየመታጠፊያው ይንቀረፈፋል፣ ጫፍ ሳይደርስ ይቀራል። የሐረጎን መንገድ የምታውቁ ትረዱኛላችሁ። እያንዳንዷ መታጠፊያ ደግሞ ደካማ ቦታ ናት፤ ፀጉሩ እዚያ ላይ ይሳሳል።

ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ሚዶሽ ላይ የቀሩትን ዘለላዎች ሰብስቢና ነጭ ወረቀት ላይ ዘርጊያቸው። መስኮት አጠገብ ወይም ከአምፖል ሥር። መጀመሪያ አንዱን ጫፍ እዪ። ነጭ ፍሬ የምትመስል ነገር ካለችው ከሥሩ የረገፈ ነው። በቀን ከ50 እስከ 100 መርገፉ የጤና ነው፤ አትደንግጪ። ፍሬ ከሌለው ተሰብሮ ነው። ከዚያ ሌላኛውን ጫፍ እዪ። አንዳንዱ እንደ እባብ ምላስ ለሁለት ተከፍሏል። አንዳንዱ እንደ ላባ ዳርና ዳሩ ተንጨፍርሯል። አንዳንዱ ላይ ነጭ ነጥብ ታያለሽ፤ እዚያ ላይ ሊበጠስ ነው። ጤፍ የምታክል ቋጠሮም ታገኛለሽ፤ ፀጉሩ በራሱ ላይ ተቋጥሮ ነው። ያየሽውን ንገሪኝ።

የሰኞ_ገበያ_እናት · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:05

ልጆቼ፣ ልጄ ናት ይሄን አሳይታ "አንቺም ጻፊ" ያለችኝ። ፊደሉን የምትነካው እሷ ናት፤ የምናገረው እኔ።

በኛ ጊዜ ፔስትራ የለም፣ ፎን የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎረቤት ተሰብስቦ ነበር ሹሩባ የሚሠራው። ቡናው እየተፈላ፣ አንዷ ከአንዷ ጉልበት ሥር ቁጭ ብላ። ለጋ ቅቤ መሃል አናት ላይ ይደረጋል፤ ፀሐይ ላይ ቀልጦ እስከ ጫፍ ይወርዳል። ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት ማንም አይነካውም። ፀጉራችን እስከ ወገባችን ባይደርስም አንገታችንን ሞልቶ ነበር።

እናቴ ግን አንድ ነገር ታደርግ ነበር። ሹሩባውን ስትጨርስ የእያንዳንዷን ጉንጉን ጫፍ በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ወጣ ወጣ ያለችውን ጭራ በመቀስ ትነካታለች። የስንዴ ፍሬ ታህል፣ ከዚያ አይበልጥም። የተቆረጠውን ሰብስባ ጓሮ ትቀብረዋለች፤ የሰው ፀጉር ሜዳ ላይ አይጣልም ትል ነበር። ስለዚህ ልጄ፣ መቀስ ጠላትሽ አይደለም። ችግሩ መቀሱን የያዘው እጅ ላይ ነው። አይዞሽ፣ ይበቅላል።

መቀስና_ሚዶ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:30

እማማ፣ እጅዎን ልሳም። እናትዎ ያደርጉ የነበረው እኔ ዛሬ ሳሎኔ ውስጥ የምሠራው ነው። ዛሬ ልጆቹ ቪዲዮ ላይ ከውጭ አገር የተማሩት ይመስላቸዋል።

ስለ ቅቤው አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ቅቤም ሆነ ዘይት ለፀጉር ውሃ አይሰጥም። ያለውን እርጥበት ግን እንዳይወጣ ይይዛል። ስለዚህ መጀመሪያ ፀጉሩ ርጥብ ይበል፣ ኮንዲሽነር ወይ ሌቭ-ኢን (ሳይታጠብ ፀጉር ላይ የሚቀር ማለስለሻ) ይግባ፣ ከዚያ ነው ቅቤው። ደረቅ ጫፍ ላይ የተቀባ ቅቤ ድርቀቱን ከውስጥ ዘግቶበት ነው የሚቀመጠው። ቅባቱ ሳይታጠብ ወር ከቆየ ደግሞ አቧራ ይሰበስባል። የኮኮናት ዘይት ትንሽ ይለያል፤ ወደ ፀጉሩ ውስጥ መግባት ከሚችሉት ጥቂት ዘይቶች አንዱ ነው። ከመታጠብ በፊት ጫፍ ላይ ቢቀባ ሻምፖው ሲነካው ፀጉሩን ያግዘዋል። የጉሎ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ከላይ ሆኖ መሸፈን ይሆንለታል፤ ጠብታ ይበቃል።

ድርና_ማግ · ሰኞ፣ ከቀኑ 7:10

ምሳ ሰዓት ላይ ነኝ፤ ቶሎ ልበል። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት ላይ ነው የምሠራው። ፓርኩ በ2009 ዓ.ም ተከፍቶ ብዙም ሳይቆይ ነው የገባሁት።

ይሄን የጫፍ ነገር ሳነብ ክር ነው የታየኝ። ክር ሲንጨፈረር መርፌ ቀዳዳ አይገባም። በምራቅ አርጥበን እናሾለዋለን፤ ለደቂቃ ይሰበሰባል፣ ሲደርቅ እንደገና ይከፈታል። ካልቆረጥነው ደግሞ መንጨፍረሩ ወደ ላይ ይሮጣል። ሁለት ሚሊ የነበረው ሁለት ሳንቲ ይሆናል። "የተሰነጠቀ ጫፍ ይጠግናል" የሚሉትን ሴረም ስገዛ ቆይቼ ነገሩ እንደዚያ ምራቅ መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው። እስኪታጠብ ያጣብቀዋል፣ አለቀ።

ስለ መቀስም ልንገርሽ። እኛ ጋ የጨርቅ መቀስ ወረቀት አይቆርጥበትም። አንዴ ወረቀት ከተቆረጠበት ጨርቁን ያኝከዋል። ፀጉርም ያው ነው። የወጥ ቤት መቀስ ይዘሽ እንዳትነኪው።

ኮፍያ የምታደርጉ የሥራ ልጆች ደግሞ ፀጉራችሁን ጠምዝዛችሁ ጫፉን ወደ ውስጥ ደብቁት። እኔ ስምንት ሰዓት ሙሉ ኮፍያ ሥር ሲታሽ የከረመው የማጅራቴ ፀጉር ነው ተበልቶ ያለቀው።

የጦሳ_ንፋስ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:00

ወረቀቱን ሞከርኩት።

መስኮት አጠገብ ነጭ ወረቀት ላይ አሥራ አንድ ዘለላ ዘረጋሁ። ስምንቱ ፍሬ የላቸውም። አራቱ ላይ ያ የጤፍ ቋጠሮ አለ። አንዱ ሦስት ቦታ ተከፍሏል፤ ስንጥቁ የጣቴን ግማሽ ያህል ወደ ላይ ሄዷል። አራት ዓመት ሙሉ መቀስ ባለማስነካቴ ፀጉሬን የጠበቅኩት ይመስለኝ ነበር። ትናንት "ተይው" ያልኩሽን ነገር አንስቻለሁ፤ ይቅርታ እህቴ። ርዝመቴ ከ2016 ጀምሮ ያልተነቃነቀው ለካ ለዚህ ነው።

ጎፈሬ_ከሆጤ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:25

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እማማ፣ የእርስዎን ለእናቴ አነበብኩላት፤ "እውነቷን ነው፣ እኛም ቤት እንዲሁ ነበር" አለችኝ።

መቀስና_ሚዶ፣ ወረቀቱ ላይ ብዙ ነጭ ነጥብ አየሁ። በተለይ ከፊት በኩል ያለው። አሁን ልቁረጠው ወይስ ልተወው? በእጄ ያለው የወጥ ቤት መቀስ ነው። እና ሳይተኮስ ጫፉ እንዴት ነው የሚታየው?

መቀስና_ሚዶ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12:50

የወጥ ቤቱን መቀስ መልሺው። የፀጉር መቀስ ግዢና ከፀጉር በቀር ምንም አትቁረጪበት። ዶልዷማ መቀስ ፀጉሩን አይቆርጠውም፣ ይጨፈልቀዋል፤ የተጨፈለቀው በሁለት ሳምንቱ ይሰነጠቃል። የቆረጥሽው በከንቱ ይሆናል።

ሳይተኮስ መቁረጥ ይቻላል። እንዲያውም ፀጉርሽን ሁልጊዜ ተጠቅልሎ የምትይዢው ከሆነ እንደዚያው ሆኖ መቆረጥ አለበት። ማታ ታጠቢው። ኮንዲሽነሩ ላዩ ላይ እያለ በጣትሽ አፍታቺው። ከጫፍ ጀምረሽ ወደ ላይ ውጪ፤ ከላይ ወደ ታች ከወረድሽ ቋጠሮውን ሁሉ ጫፍ ላይ ነው የምትሰበስቢው። ከዚያ ስምንት ወይ አሥር ወፍራም ጉንጉን ሥሪና እንዲደርቅ ተይው። ጠዋት ስትፈቺው ያለ እሳት ተዘርግቶ ታገኚዋለሽ። እርጥብ እያለ እንዳትቆርጪ። እርጥብ ፀጉር ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ግማሽ ጣት የቆረጥሽ ይመስልሽና ሲደርቅ ደንግጠሽ ትቀሪያለሽ።

ከዚያ አራት ቦታ ክፈይው። አንዱን ክፍል ብቻ ልቀቂ፤ ሌላውን ያዢው። ከተለቀቀው የአውራ ጣትሽን ውፍረት ያህል ወስደሽ ለሁለት ከፍለሽ አንዱን በሌላው ላይ ጠምዝዢው፣ እስከ መጨረሻው። አሁን ዓይንሽን ጨፍኚ። እውነቴን ነው። ጥምዙን በሁለት ጣትሽ ይዘሽ ከላይ ወደ ታች ውረጂ። ከላይ ወፍራምና ለስላሳ ነው። አንድ ቦታ ላይ ስትደርሺ በድንገት ይሳሳል፤ ሻካራ ይሆናል፤ ቅርጭጭ የሚል ነገር ጣትሽ ሥር ይሰማሻል። እዚያ ላይ ቁሚና ዓይንሽን ግለጪ። ወደ ብርሃን ስትይዢው ከዚያ በታች ያለው ያሳልፋል፤ ከጀርባው ጣትሽ ይታይሻል። እሱ ነው ጫፍሽ። ቀጥ አድርገሽ አንዴ ቁረጪ፤ አታኘኪው። እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቼ ዛሬም ከዓይኔ ይልቅ ጣቴን ነው የማምነው።

ሁሉም ጥምዝ እኩል አይሁን። ማጅራት ላይ ያለው ከመሃል አናት የጠበቀ ነው፣ የፊቱ ደግሞ ሌላ ነው። አንድ መስመር ላይ ላድርሰው ካልሽ ጤነኛውን ትጎጂዋለሽ። ያቺ ልጅ አራት ጣት የወሰደችው የሳሳውን ልታስተካክል ብላ ይመስለኛል፤ አንዱን ስታሳጥር ሌላው ይረዝምባታል፣ እሱን ስታሳጥር ይሄኛው።

ያንቺ የፊቱ ጉዳይ ለየት ይላል። ነጭ ነጥብ ያለውን ያህል ብቻ አሁን ቁረጪ፤ ከግማሽ ጣት አትለፊ። ቀጥ ብሎ የቀረውን በሙሉ ዛሬ ላውጣው ካልሽ ግንባርሽ ላይ ምንም አይቀርልሽም። በየስድስት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እያልን እናወጣዋለን። እስከዚያ ጫፉን በትንሽ ቢጎዲን ጠቅልለሽ እደሪበት፣ ከሌላው ጋር ይመሳሰላል። ሰው አያውቅብሽም።

ከዚያ በኋላ በየሦስት ወይ በየአራት ወሩ ይበቃል። ሹሩባ አድርገሽ ሳትነካኪው የምትከርሚ ከሆነ ስድስት ወርም ይሄዳል። ቀን ከመቁጠር ወረቀቱን እዪ።

አራዳ_ሰፈር · ማክሰኞ፣ ከረፋዱ 5:15

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ሂጃብ ለምናደርግ ልጨምር፤ ደሴም ኮምቦልቻም ብዙ ነን።

እኔ "ፀጉሬ ተሸፍኖ ነው የሚውለው፣ ምን ይነካዋል?" እል ነበር። ወላሂ የኔን ጫፍ የበላው እሱ ነው። ከውስጥ የማደርጋት ጥጥ ነበረች። ጥጥ ደግሞ ይጠጣል። ጠዋት የቀባሁት ዘይት ከሰዓት ፀጉሬ ላይ የለም፤ ጨርቁ ላይ ነው። በዚያ ላይ ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ ማጅራቴ ላይ ነበር የምቋጥረው። ላስቲኩ የሚያርፍበት ክብ ላይ ሁሉም ተበጠሰ። አሁን ከውስጥ ሳቲን አድርጌያለሁ፤ ልብስ ሰፊ ጋ ወስጄ ነው ያሰፋሁት። ቋጠሮውንም አንድ ቀን ከፍ፣ አንድ ቀን ዝቅ አደርገዋለሁ። ለትራሴም ያው ሳቲን።

የደሴ ብርድ ሌላው ነው። ኮምቦልቻ ያላችሁ አትፍረዱብን። እናንተ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ፣ እኛ 2,500 ገደማ። እዚህ ኅዳርና ታኅሣሥ ማታ የታጠበ ፀጉር ጠዋትም እርጥብ ነው። እርጥቡን ሸፍኜ ስወጣ ነበር የምከርመው። ይሸታል፣ ይላላል፣ ሲፈታ ይበጠሳል። አሁን የምታጠበው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው፤ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ ይደርቅልኛል። ውሃ የሚጠፋበት ቅዳሜ ከሆነ ለሳምንት አሳልፈዋለሁ እንጂ ማታ አልታጠብም። የሱፍ ሻርፕ የምትወዱም ከሥሩ ለስላሳ ሻሽ አድርጉ፤ ሱፍ ጫፍ ያሻክራል።

ባለ_ጎፈሬ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:30

ወንድ ነኝ፣ ልግባ? ጎፈሬዬን ሁለት ዓመት ነው ያሳደግኩት። ፀጉር ቤት ስሄድ በቶንዶስ ዙሪያውን ክብ ያደርጉልኛል። ደስ ይላል። ግን ውስጡ ያው ቋጠሮ ነው። ጠዋት ጠዋት በደረቁ አበጥረዋለሁ፣ ድምፁ ይሰማል።

መቀስና_ሚዶ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:05

ግባ ወንድሜ። ቶንዶስ ቅርጽ ያወጣል፤ ከላይ ያለውን ነው የሚያነሳው። የተሰነጠቀው ጫፍ አጥሮ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ያ የምትሰማው ድምፅ ፀጉርህ ሲበጠስ ነው። ውሃ ርጭት አድርገህ፣ በጣትህ ከፍተህ፣ ከዚያ ሰፊ ጥርስ ባለው ሚዶ ከጫፍ ጀምር። አምስት ደቂቃ ነው። ማታ ጠምዝዘኸው ተኛ።

እናት_ከጢጣ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:40

የሰባት ዓመት ልጄ ፀጉር ቦታ ቦታ ይሳሳል፤ ቆዳው ነጣ ነጣ ብሎ ይፈረፈራል። ጫፉ ቢቆረጥ ይሻለው ይሆን?

ነጭ_ጋዋን · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:20

እህቴ፣ ነርስ ነኝ። ይሄ የጫፍ ጉዳይ አይመስልም፤ ቆረቆር ሊሆን ስለሚችል ይታይ። ቆረቆር በመቁረጥም በቅቤም አይለቅም። ፈንገሱ የፀጉሩ ሥር ውስጥ ስለሚገባ የሚዋጥ መድኃኒት ነው የሚፈልገው፤ የሚቀባው ብቻውን አይደርስበትም። ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው፣ ለእናንተም ሩቅ አይደለም። እስከዚያ ሚዶውን፣ ኮፍያውንና ፎጣውን ለብቻው አድርጊለት።

ጎፈሬ_ከሆጤ · እሁድ፣ ከቀኑ 10:30 (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

ተመለስኩ። እንደምትጠብቁኝ ስለማውቅ ነው።

የፀጉር መቀስ ገዛሁ። መጀመሪያ ነጠላዬ ዘርፍ ላይ ተንጠልጥላ የነበረች አንዲት ክር ቆረጥኩበትና ቆጨኝ፤ ድርና_ማግ ከተናገረችው በኋላ እንዴት እንደዘነጋሁት። ትናንት ረፋድ ላይ ታጠብኩ፣ ዘጠኝ ጉንጉን ሠርቼ በረንዳ ላይ ቁጭ አልኩ። ዛሬ ጠዋት ፈታሁት። እናቴ መስታወት ያዘችልኝ።

የመጀመሪያዋን ጥምዝ ይዤ እጄ ተንቀጠቀጠ። ዓይኔን ጨፍኜ ወረድኩ። እውነትም ጣት ያውቃል። ለስላሳ፣ ለስላሳ፣ ለስላሳ፣ ከዚያ እንደ ደረቅ ሣር ቅርጭጭ። ብርሃን ላይ ሳየው የአውራ ጣቴ ጥፍር ቅርጽ በፀጉሩ ውስጥ አልፎ ይታያል። ቆረጥኩ። የወደቀችው ከጥፍሬ አትበልጥም። ጥምዙ ጫፍ ላይ ደግሞ ድፍን ብሎ፣ እንደ ብሩሽ ሆኖ ቀረ። እንዲህ ዓይነት ጫፍ አይቼ አላውቅም።

ሃያ ስድስት ጥምዝ ቆረጥኩ፤ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ከጀርባ ያሉትን እናቴ ናት የቆረጠችው። "ከዚህ በላይ አልነካም" እያለች፣ የምታሳዝን ትንሽዬ ትንሽዬ። የተቆረጠውን በወረቀት ላይ ሰበሰብነው፤ አንድ ጭብጥ አይሞላም። እማማ፣ እንደ እናትዎ ጓሮ ቀበረችው።

ሲፈታ ሚዶው እስከ ታች ወረደ። አልተያዘም።

የፊቱ ግን እንደፈራነው ነው። ግማሽ ጣት ቆርጬም ቀጥ ያለው አለ፤ በቢጎዲን እየጠቀለልኩት ነው። ኋላ ላይ አንድ ቦታ ደግሞ ያላገኘሁት ቋጠሮ ያለ ይመስለኛል፤ እጄ አይደርስም። መቀስና_ሚዶ፣ ቅዳሜ ኮምቦልቻ ብመጣ ታዪልኛለሽ?

የጦሳ_ንፋስ · እሁድ፣ ከቀኑ 10:50

እልል! እኔም አብሬሽ ልምጣ። አራት ዓመት የተጠራቀመ ጫፍ በራሴ እጅ አልደፍርም።

መቀስና_ሚዶ · እሁድ፣ ከምሽቱ 1:10

ሁለታችሁም ኑ። ከአራት ሰዓት በፊት ድረሱ፤ ቅዳሜ ከሰዓት የሙሽራ ሚዜዎች አሉኝ። ዓርብ ታጠቡና ጎንጉናችሁ፣ ቅባት ሳትቀቡ፣ ደርቆ ይምጣ። ሲቀባ ጫፉ ተጣብቆ ጤነኛ መስሎ ያታልለኛል። ሚኒባስ ውስጥ መስኮት አጠገብ ከተቀመጣችሁ ሻሽ አድርጉ፤ ሐረጎ ላይ ንፋሱ ብርቱ ነው።

የጦሳ_ንፋስ፣ ያንቺን በአንድ ቀን አንጨርሰውም። ግማሽ ጣት እንወስድና ጥር ላይ ትመለሻለሽ። ከመጀመሬ በፊት የምወስደውን በጣትሽ ላይ ለክቼ አሳይሻለሁ። ካልተስማማሽ መቀሱን አስቀምጣለሁ።